ጣሊያን ጥሎት የሄደው ሳይክል

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ አርጅቶ ያልተሰበረ ነገር ሁሉ «ጣሊያን የሠራው ነው» ይባላል። ድልድይ ይሁን ወፍጮ፣ የበር ቁልፍ ይሁን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ባለቤቱ ጣሊያን ነው። ሰውየው እኮ እዚህ የቆየው አምስት ዓመት ያህል ነው፤ እሱንም ቢሆን የጎጃም አርበኛ እንቅልፍ እየነሣው ነው የኖረው። የሚወራውን ሁሉ ከሰማችሁ ግን አገር ሊወር ሳይሆን ግምጃ ቤት ሊከፍት የመጣ ይመስላችኋል። ጃንሆይ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ጠላት ለቆ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ጥሎት ሄደ» የሚባለው ዕቃ በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሳይክል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መኪና ሊብሬ አለው፣ መሬት ደብተር አለው። ሳይክል ግን ገዢው የሞተ ዕለት ታሪኩም አብሮት ይቀበራል፤ የቀረው ዘመድ ደስ እንዳለው ያወራለታል።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ መምህር ነኝ። የጣሊያን ኮርስ ሳይክል ዘመን መለየት የተማርኩት ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ነው። በወጣትነታቸው የተወዳደሩ ሰው ነበሩ። ጎማ ሲጠግኑ አይናገሩም፤ ደህና ቴላዮ (የሳይክል አጽም) ካዩ ግን የሚያቆማቸው የለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በሄደችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩና ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ እንደጨረሰ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሳይሮጥ አራት ዓመት ቀድመን በብስክሌት ወጥተናል ብለው ይኮሩ ነበር። የዚያን ዘመን ጥሩ ጥሩ ሳይክል በብዛት የሚገባው በአስመራ በኩል ነበር። ጣሊያኖች ሰፍረውባት ስለቆዩ ሳይክሉም ውድድሩም ከከተማዋ አልጠፋም፤ የኤርትራ ዙር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1946 ሲጀመር መለዋወጫው፣ ጠጋኙና ተመልካቹ ቀድሞ እዚያው ነበር።

ሽማግሌው ቀለም እንዳላምን ያስተማሩኝ ገና ከመጀመሪያው ነው። ሚላኖ ውስጥ ቪጎሬሊ የሚባል የብስክሌት መወዳደሪያ አለ፤ ፋሊዬሮ ማዚ የተባለው ባለሙያ ሱቁ እዚያው ከመቀመጫዎቹ ሥር ነበር። ስመ ጥር ተወዳዳሪዎች ቴላዮአቸውን እሱ ዘንድ ያሠሩና የቡድናቸውን ቀለምና ስም ያስቀቡት ነበር። ስለዚህ በቱቦው ላይ የተጻፈው ስም የከፋዩ እንጂ የሠሪው ላይሆን ይችላል። የተመታ ቁጥርም ብዙ አያኮራም፤ ብዙዎቹ ትንንሽ የጣሊያን ሠሪዎች የሚመቱት ቁጥር ዓመት አይናገርም። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፔዳል ደግሞ ተፈትቶ ይቀየራል። የሚታመነው በነሐስ ተበይዶ ከቴላዮው ጋር አንድ ሆኖ የቀረ ነገር ነው። የውኃ ዕቃ ማሰሪያ ቀዳዳ ቴላዮው ላይ ተበይዶ ከተገኘ ሳይክሉ ከ1970ዎቹ ወዲህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከዚያ በፊት በላሜራ ቀለበት ነበር የሚታሰረው። የማርሽ ሽቦዎቹ ከፔዳሉ በላይ ሳይሆን በሥር ካለፉ ወደ 1980ዎቹ እየቀረብን ነው። የኋላ ጎማ የሚገባበት ስፋት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ቅን ምስክር ነው። ባለ አምስት ማርሽ በነበረበት ዘመን 120 ሚሊሜትር፣ ስድስትና ሰባት ሲሆን 126፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ግድም ስምንት ሲገባ 130። ካሊበር ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ የሦስት ዐሥርት ዓመት ውዝግብ ይዘጋል። በነገራችን ላይ ይህን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ ከእኛ ጋር ስትቀላቅሉት ሰባት ስምንት ዓመት ይጠፋና ጠብ ይመጣል። መጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጣ ስናን ወረዳ ውስጥ ሮብ ገበያ የሚባል ከተማ አለ። ብርዱ አይጣል ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ ነገር እምብዛም አይደፍረውም። ከዚያ አካባቢ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ተራ በተራ ቤቴ መጡ። ታላቅየው ገበሬ ነው፤ ከእሱ ጋር ንጹሕ ማር በትንሽ ባልዲ መጣ። አያታቸው አርበኛ ነበሩ፣ ሜዳሊያቸውም አለ። ቤት ውስጥ የተሰቀለው ሳይክል ደግሞ አያታቸው ከጣሊያን ሹም የማረኩት ነው። ሚያዝያ 27 በድል ቀን ሳይክሉ ሰልፍ ላይ ሲወጣ የኖረ ሲሆን፣ አሁን ግን አንድ የተማረ ሰው «የጣሊያን ጊዜ ነው» ብሎ እንዲጽፍለት ይፈልጋል። ታናሽየው ደብረ ማርቆስ ሱቅ አለው፤ ከእሱ ጋር ለጋ ቅቤ በቅል መጣ። እሱ እንደሚለው አዲስ አበባ ለውጭ ሰብሳቢዎች አሮጌ ሳይክል የሚገዛ ነጋዴ በስልክ ፎቶውን አይቷል። የወታደር ሳይክል ከሆነ አልፈልግም፣ የውድድር ሆኖ የሰማንያዎቹ ከሆነ ግን በደህና ብር እወስዳለሁ ብሏል። ለአንዱ ሳይክሉ እንዲያረጅለት፣ ለሌላው እንዲያንስለት ነው የተፈለገው። ማሩንም ቅቤውንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። እንግዲህ ዳኛ ከሁለቱም ወገን ከበላ አድልዎ የለበትም።

መንገድ ላይ ከታላቅየው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የጨሞጋን ወንዝ ካለፍን በኋላ እንዳይደነግጥ ትንሽ ላዘጋጀው ፈለግሁ። የጣሊያን ጦር ቤርሳሊዬሪ የሚባል ክፍል ነበረው፤ የእነሱ ሳይክል የተሠራው በቢያንኪ ነው፣ ያውም ከመሀሉ የሚታጠፍና በጀርባ የሚታዘል ነበር፤ ጎማውም ከመነዳሪ የሌለው፣ ድፍን ላስቲክ ነው አልኩት። እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ጥቂት አሰበና፣

«እሱ የተራ ወታደር ነዋ መምህር፤ የኛ የሹሙ ነው» አለኝ።

መልስ የለውም።

ቤት ስንደርስ ግቢው ሠርግ ቤት መስሏል። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ የሰፈሩ ዲያቆን መጥቷል፣ ከገበያው ጎሚስታ ተጠርቷል። አያትየው አርበኛ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸው ግን አሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ማንም ልብ ያላቸው የለም። ሳይክሉ ከጣሪያው ወረደ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተቀብቷል፣ ያውም በቤት ቀለም፣ ያውም በመጥረጊያ መሰል ብሩሽ። ግን ዓይኔ ወዲያው ቱቦው ላይ ወደቀ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ መጋጠሚያው በሞረድ እየተላገ የተሳለ። ወታደር የሚጭንበት ብረት አይደለም።

የኋላ ጎማውን ለማውጣት ከሞዞው (ከጎማው እምብርት) ጎን ያለችውን እጀታ ገለበጥኳት። ቁልፍ ሳይፈለግ ጎማው ሲወጣ ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። ይህችን ነገር ለዓለም ያስለመደው ቱሊዮ ካምፓኞሎ ነው። ታሪኩ ሲነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በረዶ በበዛበት ተራራ ላይ ሲወዳደር ጎማውን ገልብጦ ወደ ሌላው ጥርስ ሊያዞር ፈለገ፤ ያን ጊዜ ማርሽ የሚቀየረው እንዲያ ነበርና። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ዳዶውን መፍታት ስላቃተው ተሸነፈ ይባላል። በ1933 ቪቼንሳ ውስጥ ድርጅቱን መሠረተ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ የጣሊያን ኮርስ ሳይክል ዕድሜ ፍለጋ ግማሹ የካምፓኞሎ ዕቃ ንባብ ነው። ሮብ ገበያ ላይ ቆማችሁ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ሲጠብሳችሁ የሰውየው ብስጭት በደንብ ይገባችኋል።

ካሊበሬን አወጣሁ። 126። ዝም አልኩ። የውኃ ዕቃ ማሰሪያ፣ ሁለት ቦታ፣ ተበይዶ፣ በቀለም ተደፍኖ። ዝም አልኩ። ታናሽየው ፊቴን እያየ ፈገግ ማለት ጀመረ፤ ታላቅየው ጠላ እንድጠጣ ያጣድፈኛል። ቴላዮውን ገለበጥኩት። ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ወፍራም ቱቦ ሥር ጭቃና ቀለም የሞላው ቀዳዳ አለ። በእሾህ ስጎረጉረው ባለ ሦስት ቅጠል ቅርጽ ወጣ። ዲያቆኑ ጎንበስ ብሎ አየና አማተበ።

«መስቀል ነው!» አለ።

መስቀል አይደለም። የካርታ መጫወቻ ላይ ያለው ባለ ሦስት ቅጠል ነው፤ የኮልናጎ ምልክት። ኤርኔስቶ ኮልናጎ እ.ኤ.አ. በ1954 ካምቢያጎ በምትባል መንደር ሥራ የጀመረ ሰው ነው፤ ይህን ምልክት የያዘው ደግሞ ሚኬሌ ዳንቼሊ በእሱ ሳይክል በ1970 የሚላኖ–ሳን ሬሞን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል። ማረከ የተባለው ሹም ገና ያልተጀመረ ፋብሪካ ሳይክል ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ነገር ግን ዲያቆኑ ያማተበበትን ነገር የቁማር ካርታ ነው ብሎ ለመናገር ሰዓቱ አልመሰለኝም። ውስጡን ልየው ብዬ ኩሽኔታው እንዲፈታ አዘዝኩ።

ጎሚስታው ጉልበተኛ ልጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የፈታው የቻይና ሳይክል ነው። የቻይናውና የእንግሊዙ ኩሽኔታውን የሚይዘው የቀኝ ስኒ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። የጣሊያኑ ግን ቀኙም ግራውም አንድ ነው፣ እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ይፈታል። ስኒው 36 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ በአንድ ኢንች 24። ይህን ገና ልነግረው አፌን ስከፍት ልጁ ትልቁን ኪያቤ ነክሶ በለመደበት በኩል ማዞር ጀምሯል።

«ወንድሜ፣ በዚያ አይደለም።»

«ተወው ጋሼ፣ ዝጎ ነው።»

የውኃ ቧንቧ አምጥቶ ኪያቤው ላይ ቀጠለ። ሌላ ጎረምሳ ጨመረ። ሁለቱ ቧንቧው ላይ ተንጠለጠሉ። ሞርሳው የታሰረበት ጠረጴዛ ቀስ ብሎ ከመሬት ተነሣ፤ ከዚያ ጠረጴዛው፣ ሞርሳው፣ ሳይክሉ፣ ሁለቱ ጎረምሶችና የጠላው እንስራ አንድ ላይ ወደ ዲያቆኑ ሄዱ። እግዜር ሲያተርፍ ማንም አልተጎዳም። እንስራው ግን ሞተ። አቧራው ሲበርድ ወደ ግራ ሞክሩት አልኩ፤ በቡጢ ተመትቶ ዞረ።

ውስጡን በስልኬ መብራት አየሁት። ቱቦዎቹ ከታች በኩል፣ ከግድግዳቸው ላይ፣ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቀጫጭን ጠርዞች አሏቸው። ይህ የኮሎምቡስ ኩባንያ ኤስ.ኤል.ኤክስ. የተባለው ቱቦ ነው፤ የ1980ዎቹ ሥራ። ተወዳዳሪው ፔዳል ሲረግጥ ታችኛው ክፍል እንዳይላወስ ነው ጠርዙ የተደረገው። ታላቅየው ትከሻዬ ላይ ተደግፎ አብሮኝ ሲያይ ቆየና ጮኸ።

«ይኸው! አፈሙዝ ነው! እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ ተጠማዝዟል! ጣሊያን በጠመንጃው ነው የሠራው!»

ጎረቤቱ በሙሉ እየተጋፋ ውስጡን አየ። ጠመንጃ የሚያውቅ አገር ነውና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ሰውየው እውነቱን ነው አሉ። የቀረኝ አንድ ምስክር ነበር። ፔዳሉን የሚይዘውን ክንድ ገልብጬ ጀርባውን በቤንዚን ጠረግሁት፤ ክብ ምልክት ውስጥ 6 ቁጥር ወጣ።

«ስድስት!» አለ ታላቅየው። «በፈረንጅ 1936! ጣሊያን የገባበት ዓመት!»

ካምፓኞሎ በሰባዎቹ ቁጥሩን በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ፣ በሰማንያዎቹ ደግሞ በክብ ውስጥ ይመታ ነበር። ክብ ውስጥ ያለ 6 ማለት 1986 ነው፤ በእኛ 1978 ወይም 79፣ ደርግ ጊዜ። ክንዱ ተፈትቶ የሚቀየር ዕቃ ቢሆንም ከቱቦው፣ ከስፋቱና ከምልክቱ ጋር ሲገጥም ጥርጣሬ አይተርፍም። ይህን ሁሉ ተናገርኩ። በቀስታ፣ ከአክብሮት ጋር፣ አያታቸው አርበኛ መሆናቸውን ሦስት ጊዜ እየደጋገምኩ ተናገርኩ። ግቢው ዝም አለ። ከዚያ ታላቅየው ብድግ አለ።

«መምህር፣ አያቴ ውሸታም ነው እያልከኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ሳይክሉ ነው እንጂ...»

«ማሩን ስትቀበል እንዲህ አላልክም።»

ታናሽየው በዚህ መሀል ስልኩን አውጥቶ ከነጋዴው ጋር ዋጋ መከራከር ጀምሯል። ይህን ያየው ታላቅየው ወንድሙ ላይ ዞረ፣ ሽማግሌዎች መሀል ገቡ፣ ዲያቆኑ የመስቀሉን ጉዳይ እንደገና አነሣ። ያን ጊዜ ነው ከበሩ አጠገብ ሳቅ የተሰማው። እማማ ናቸው። ቆሏቸው እስኪበተን ይስቃሉ።

«የናንተ አያትማ የማረከው ሌላ ነው» አሉ። «እኔ ተድሬ ስመጣ ጎታው ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ከወገቡ የሚታጠፍ፣ እግሩ ድፍን ላስቲክ። አንድ ቀን ወጥቶበት ቁልቁል ሲወርድ ከገደሉ አፍ ላይ ጥሎት፣ ሁለተኛ አላየውም አለ። ላስቲኩን ጫማ አደረግነው፤ ብረቱን ቀጥቃጭ ወሰደው። ይሄንን ያመጣው አጎታችሁ ነው፣ ወታደር ሳለ፣ ከአስመራ። ከአንድ ተወዳዳሪ ልጅ ገዛሁት ብሎኛል።»

«እማማ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አሉ?» አልኩ።

«ማን ጠየቀኝ ልጄ?»

ከወገቡ የሚታጠፍ፣ ድፍን ላስቲክ! ማንም ሳያስታውሳቸው የቤርሳሊዬሪውን ሳይክል እንዳለ ሣሉልኝ። ታላቅየውን ዞሬ አየሁት፤ ሚኒባስ ውስጥ የነገርኩትን አስታውሶ አንገቱን ደፍቷል። ትንሽ ቆይቶ ግን ደረቱ ተነፋ፤ አያቱ በእርግጥም ማርከዋል፣ ያውም ምስክር ተገኝቶ። ለእሱ ከዚህ በላይ ምን አለ?

አጎትየው በሕይወት አሉ፤ ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ይኖራሉ። ተደወለላቸው፣ ድምፃቸው ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ።

«አለሁ እኮ!» አሉ። «ሳይክሌን ማን ነው አርበኛ ያደረጋት? ማንስ ነው የሚሸጣት? ዛሬውኑ ደብረ ማርቆስ አውርዱልኝ፣ ነገ መጥቼ እወስዳለሁ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች በዚህች ቅጽበት ታረቁ፤ የታረቁት በእኔ ላይ ነው። አንዱን ሰልፉን፣ ሌላውን ብሩን ያሳጣቸው ሰው ግቢያቸው ውስጥ ቆሟል። ሚኒባስ አልቋል፤ መሽቷል ባይባልም ጀንበር አዘቅዝቃለች። እማማ «ያነበበው ይውሰደው» ብለው ፈረዱ። ጎሚስታው ኩሽኔታውን መልሶ ገጠመ፣ ለቀጭኑ የጎማ ነፋስ መግቢያ ከላስቲክ ቆርጦ መላ ፈጠረ፣ ነፋ። እኔም ማሩንና ቅቤውን በጀርባዬ አዝዬ ቁልቁል ተለቀቅሁ።

የዚያን ዘመን የውድድር ጎማ በጠርዙ ቸርኬ አይነክስም ነበር፤ ተሰፍቶ የተዘጋ ቱቦ ነው፣ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ ይለጠፍ ነበር። ማስቲሹ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጣሪያ ጭስ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን አንድ ጠማማ መንገድ ላይ ታወቀ፤ ጎማው ወደ ቀኝ፣ ቸርኬው ወደ ግራ ሄደ። የፍሬኑ ላስቲክ ድንጋይ ሆኗል፤ ይጮኻል እንጂ አይዝም። ያረፍኩት ድንች ማሳ ውስጥ ነው። የባልዲው ክዳን ተከፈተ፣ ቅሉ ተሰነጠቀ፣ ማርና ቅቤ በአንገቴ ወረደ። የማሳው ባለቤት ውሻ መጥቶ ነከሰኝ ማለት አልችልም፤ ላሰኝ። ቀሪውን መንገድ ሳይክሉን ተሸክሜ ወረድኩ፤ እንኳንም የኮሎምቡስ ሆነ፣ ቀላል ነው።

አጎትየው በማግስቱ መጡ። መሪውን ጨበጥ፣ ኮርቻውን ዳበስ አድርገው «እሷው ናት» አሉና በአውቶቡስ ጣሪያ ጭነው ሄዱ። በሳምንቱ ፎቶ ላኩልኝ። የባሕር ዳር ጎዳና ሜዳ ነው፣ ሳይክልም ይወዳል፤ ደስ ብሏቸዋል። ሦስቱን ቀለም አስፍቀው አዲስ አስቀብተዋታል፣ ሙሉ በሙሉ ብርማ። ባለ ሦስት ቅጠሉን ቀዳዳ «ጭቃ ይገባበታል» ብለው በብየዳ አስደፍነውታል።

እንግዲህ ቤታችሁ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የጣሊያን ሳይክል ያላችሁ ሰዎች፣ ስለ ፈጠራችሁ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ገልብጡት። ሥሩን ፎቶ አንሡ፣ የኋላውን ስፋት ለኩ፣ ክንዱ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ከነቅርጹ ጻፉ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ። የኮርቻው ማጥበቂያ ቡሎን ከኋላ ሳይሆን ከፊት ከሆነ ሌኛኖ ሊሆን ስለሚችል ለማንም በርካሽ አትስጡት። የቀኙ ስኒ አልፈታ ካለ ደግሞ ቧንቧ አትቀጥሉበት፤ ወደ ግራ ሞክሩት።